የልጄ አስተማሪ ስልክ ሲጮህ

የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ፓርክ ሳደርግ፣ «አባቢ፣ ፕሊስ፣ ከቲቸሬ ጋር ፈረንሳይኛ እንዳታወራ» አለችኝ። ጅቡቲ ስሠራ የለመድኩት ፈረንሳይኛ ያሳፍራታል፤ አስተማሪዋ የምታስተምራቸው የፓሪሱን ነዋ። እሺ አልኩ።

ልጄ አጠገባችን ቆማ ስለ ውጤቷ እያወራን የአስተማሪዋ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው። አስተማሪዋ ወዲያው ሌላ ሰው ሆነች፤ ፈረንሳይኛውን የየቃሉን መጨረሻ እየጎተተች እንደ ዘፈን ታወርደው ጀመር። ጅቡቲ የቀጠረኝ የማርሴይ ሰውዬ ልክ እንደዚህ ነበር የሚያወራው። ስልኩን ስትዘጋ አላስቻለኝም፤ በፈረንሳይኛ፣ «የማርሴይ ልጅ ነሽ አይደል?» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ክፍል ውስጥ ግን የፓሪሱን ነው የምናገረው» አለች።

«እኔም እናቴ ከጎጃም ስትደውል የአዲስ አበባ አማርኛዬ ይጠፋል» አልኳትና ተሳሳቅን።

መኪና ውስጥ ልጄ፣ «ታዲያ ራይቱ የቱ ነው?» አለችኝ።

«ለፈተና የፓሪሱ» አልኳት። «ለእኔ ስትደውዪ ግን የኔው።»