መርጌታ ኃይለ ኢየሱስ የተዋሱት ፋይል

ሰው የሚወደውን ነገር ከአያያዙ ታውቃላችሁ። ባለፈው ጥር በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ ቆሜ ሳለ መርጌታ ኃይለ ኢየሱስ ከራቤል ከመጣው ሚኒባስ ወረዱ፤ ባና በሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፈዋል። ያ ሁሉ ብርድ እያለ እሳቸው የለበሱት ስስ ነጠላ ብቻ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና የማያገባኝን መጠየቅ ልማዴ ነው።

"ደኅና ዋሉ መርጌታ? የታመመ ሰው ይዘው ነው እንዴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የታመመስ ይኸው" ብለው ባናውን ገለጥ ቢያደርጉት ላፕቶፕ ነው።

መርጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ላለፉት ሦስት ዓመታት የሟቹን መምህራቸውን የየኔታ ወሰኔን ቅኔዎች ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አፍ እየለቀሙ በዚያ ላፕቶፕ ሲጽፉ ቆይተዋል። ቅኔ በተዘረፈበት ዕለት ተሰምቶ የሚቀር ነገር ነው፤ ያስታወሱላቸው ሽማግሌዎችም ከግማሽ በላይ ዐርፈዋል። አሁን ግን የመጻፊያው ፕሮግራም አልከፈት ብሎ "የሲስተም ፋይል ጎድሏል" የሚል መልእክት ብቻ ያወጣል።

የቀድሞ ተማሪዬ የምሥራች ከመናኸሪያው ማዶ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ስላላት ወደ እሷ ወሰድኳቸው። ብድግ ብላ እጅ ነሣችና ወንበር አቀረበችላቸው።

"ልጄ፣ አላደክምሽም" አሉ መርጌታ ፍላሽ ከኪሳቸው አውጥተው። "የጎደለውን ፋይል ስም ጽፌ ይዣለሁ። ካንቺ ኮምፒውተር ገልብጪና በዚህ ስጪኝ፤ በቃኝ።"

"ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርገዋል?"

"አዎን፤ ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ከምስክር ኮምፒውተር አንዱን ተውሼ ባስገባ ወዲያው ሌላ ጎደለ አለኝ። ይኸም ካልሆነ፣ አንድ ልጅ ሁሉን ደምስሼ እንደ አዲስ እጭንልዎታለሁ ብሎኛል።"

የምሥራች ፊቷ ተለወጠ። "ቅኔዎቹ ሌላ ቦታ ተገልብጠዋል?"

"የት ይገለበጣሉ? እዚሁ ናቸው እንጂ።"

"እንግዲያው ሲደመሰስ እነሱም አብረው ይሄዳሉ።"

መርጌታ ባናውን ጎትተው ላፕቶፑን መልሰው ሸፈኑት። እኔ፣ አልዋሽም፣ ፊቴን አዞርኩ። የምሥራች ግን ጊዜ አላጠፋችም። ላፕቶፑን አስነሥታ የቅኔዎቹን ፋይል ፈልጋ አገኘችና በሁለት ፍላሽ ገለበጠችው። መርጌታም ትንፋሻቸው ሲመለስ ክርክራቸውም አብሮ ተመለሰ።

"መዋሱስ ምን ነውር አለው? መጽሐፍ ቅጠል ሲጎድልበት ከጎረቤት ደብር ተውሶ ገልብጦ መስፋት የአባቶች ሥርዓት ነው።"

"እውነትዎን ነው። ግን የቤተልሔም ዜማ ቤት ድጓ ቅጠል ቢጎድልበት ከሌላው ዜማ ቤት፣ ከቆማ ድጓ ገልብጠው ይሰፉበታል?"

"ኧረ ወግጂ! ዜማው ሊፋለስ?"

"ቃሉ ይመሳሰል የለም እንዴ?"

"ቃሉ ቢመሳሰል የዜማው ምልክት ይለያል! የሚያዜመው ሰው እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።"

"የእርስዎም ላፕቶፕ የተሰናከለው እንዲሁ ነው። የምስክር ፋይል ስሙ ቢመሳሰልም የተጻፈው ለሌላ ሲስተም ይሆናል። ካልታወቀ ድረ ገጽ ማውረድ ደግሞ ይብሳል፤ ማን ምን እንደ ጨመረበት አይታወቅም።"

"ታዲያ ትክክለኛው ከየት ይምጣ?"

"ከራሱ። ኮምፒውተሩ የየፋይሉን ትክክለኛ ቅጂ ለብቻው አስቀምጧል፤ ዕቃ ቤት አለው ይበሉ። እኛ ከዚያ ጋር እያመሳከርክ ታረም ብለን እናዘዋለን። ዕቃ ቤቱም ከተበላሸ በኢንተርኔት ከሠሪው እናስመጣለን።"

"የታመመ ሰው ራሱን ሲያክም አላየሁም" አሉ መርጌታ፤ ሽማግሌ በቀላሉ አይረታም።

"ባይድን እንኳ ቅኔዎቹ እጅዎ ላይ ናቸው። ምን ያጣሉ?"

"እንግዲያው እዘዢው" አሉ። የምሥራች ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ አንዲት መስመር ጻፈችና የሥራው መጠን ከመቶ እጅ እየተቆጠረ መውጣት ጀመረ። አርባ ላይ ደርሶ ሲያዘግም መርጌታ መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ የተማርኩት እኔም ጥፍሬን እበላ ነበር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የተበላሹት ፋይሎች ተገኝተው መጠገናቸውን ገለጠ፤ የምስክርንም ፋይል አውጥቶ በትክክለኛው ተክቶታል። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ ተከፈተ።

መርጌታ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደው በለሆሳስ አነበቡ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

"ይቺን የኔታ ባረፉበት ጧት ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። ሌላ የሰማት የለም" አሉ። ቀጥለውም "ረትተሽኛል፣ ልጄ። መጀመሪያ ቅጂ ማውጣት፣ ቀጥሎ ከራሱ ዕቃ ቤት እንዲታረም ማዘዝ፣ እንቢ ካለ ዐዋቂ መጠየቅ። እኔ ግን ቅጂ ሳላወጣ ላስደመስሰው ነበር" አሉና አንዱን ፍላሽ ወደ እሷ ገፉት። "ይኸ ካንቺ ዘንድ ይቀመጥ።"

"እኔ ቅኔ አላውቅም፣ መርጌታ።"

"አንቺ ጠብቂው። የሚያውቅ ይመጣል።"

ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋቸው። የመንዝ ንፋስ ፊት ይቆርጣል። መርጌታ አንዱን ፍላሽ በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ላፕቶፑን እንደማንኛውም ዕቃ በብብታቸው ሸጎጥ አድርገው፣ ባናውን ራሳቸው ለብሰውት ተሳፈሩ።