ሠሪው ያልታወቀ ጀልባ

(በከተማው መናፈሻ ሐይቅ ዳር፣ ቅርስ ተብሎ በታደሰው አሮጌ የጀልባ ቤት ውስጥ፤ አስጎብኚዋ ትርሲትና ጡረተኛው አናጢ ጋሽ ላቀው በገመድ በተከለለች የእንጨት ጀልባ ፊት ቆመዋል።)

ትርሲት፦ አባት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምነግርዎት፤ ገመዱን አይለፉ! ቅርስ አይነካም።

ጋሽ ላቀው፦ ስሠራት ስንት ቀን አቅፌያት ውያለሁ፤ ዛሬ ጨዋ ሆነችብኝ?

ትርሲት፦ ሰሌዳውን አላነበቡም?

ጋሽ ላቀው፦ አንብቤ ነው እንጂ የተናደድኩት! «ሠሪው ያልታወቀ ጥንታዊ ጀልባ።» እኔ እኮ ገና ሰባ አልሞላኝም፤ መቼ ነው ጥንታዊ ያደረጋችሁኝ?

ትርሲት፦ ባለሙያዎች መጥተው አጥንተውት ነው።

ጋሽ ላቀው፦ እሰይ! ቤቴ ከዚህ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ጥናቱ እዚያ ድረስ መሄጃ ታክሲ አጣ?

ትርሲት፦ እና እርስዎ ነዎት የሠሯት ብዬ ልመን? ባለፈው ሳምንት አንዱ ሐይቁን ራሱ አባቴ ነው የቆፈረው ብሎኛል።

ጋሽ ላቀው፦ እኔን አትመኚኝ። ከኋላኛው መቀመጫ ሥር እጅሽን ስደጂ፤ ሦስት ሚስማር አንድ ቦታ ተደራርቦ ታገኛለሽ።

ትርሲት፦ ይኸው ሰደድኩ... አንድ... ሁለት... ውይ፣ እውነትም ሦስት! ጥናቱ ላይ «የጥንት አናጢዎች ምሥጢራዊ ምልክት» የተባለው ይሄ ነው እንዴ?

ጋሽ ላቀው፦ ሚስትህ ምጥ ይዟታል ብለው ሲጠሩኝ፣ በጥድፊያ ደራርቤ የመታሁት ነው። ምሥጢራዊው ምልክት አሁን ባንክ ተቀጥራ ትሠራለች።

ትርሲት፦ እሺ፣ ይሁን፤ እርስዎ ነዎት። ግን ሰሌዳ ለመቀየር ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት። ነገ ከሰዓት ደግሞ የጀልባ ቤቱ ምረቃ ነው። ለከርሞ ያመልክቱ።

ጋሽ ላቀው፦ ለከርሞ? ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ጀልባ ስሠራ ኖሬ የጠየቅኩት አንድ መስመር ስም ነው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያንገበግበኛል። ነገ ልጄ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። አያታችሁ «ያልታወቀ» ነው ብላ ታንብብላቸው?

ትርሲት፦ አይዘኑ። ሐይቁ ላይ ሲያዩዋት ደስ ይልዎታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳይነካት፣ በየወሩ ቫርኒሽ እየተቀባች ነው የኖረችው። ነገ እንግዶቹን አሳፍሬ መሃል ድረስ የምወስዳቸው እኔ ነኝ።

ጋሽ ላቀው፦ ጠብታ ውሃ ሳይነካት?

ትርሲት፦ አንዲት ጠብታ!

ጋሽ ላቀው፦ ጎበዞች። ዋና ትችያለሽ?

ትርሲት፦ ኧረ አልችልም። ምነው?

ጋሽ ላቀው፦ ምንም። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሳንቃና ሳንቃው ይራራቃል። እኛ ወደ ሐይቅ ከማውጣታችን በፊት ሆዷን ውሃ ሞልተን እናሳድራት ነበር፤ እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። እናንተ ግን ባለሙያ አላችሁ፤ እኔን ምን አገባኝ! ነገ ከዳር ቆሜ አጨበጭብልሻለሁ። በይ ደህና ዋይ።

ትርሲት፦ ጋሼ! ጋሼ፣ ይቁሙ እንጂ! አሁኑኑ ውሃ ብንሞላት ለነገ ትደርሳለች? በየት በየት በኩል ነው ውሃ የምታስገባው?

ጋሽ ላቀው፦ እሱን የሚያውቀው ሠሪው ነው። ሠሪው ደግሞ አልታወቀም።

ትርሲት፦ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ፤ ቀለምና ብሩሽ ላምጣ።