ስለ ሳጥኑ ቀዳዳና ስለ አረንጓዴው ጨርቅ

የምስክር ስም፦ ፍሮምሳ ፉፋ
ዕድሜ፦ 51
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ሠሪና ጠጋኝ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40

የድምፅ ማጉያ ሳጥን ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የግል ተበዳይ ነኝ የሚሉትን መምህር ገለታ ጉዩን የማውቃቸው፣ በታኅሣሥ ወር ለቤታቸው ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚያወጣ ሰብዉፈር እንድሠራላቸው ስላዘዙኝ ነው። ክፍላቸው ሦስት ሜትር በአራት፣ ግድግዳውም ጭቃ ስለሆነ ድፍን ሳጥን እንደሚሻላቸው፣ ባለቀዳዳው ግን እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቤዙ እንደሚያጓራ ነገርኳቸው። እሳቸው ሁለት ዲግሪ ስላላቸውና አንድ ቪዲዮ እስከ ግማሹ ስላዩ አልሰሙኝም። "ኦቦ ፍሮምሳ፣ ቀዳዳ ከሌለው ድምፁ በየት ይወጣል?" ብለው ጠየቁኝ። የከበሮ ቀዳዳ የት እንዳለ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። መርማሪው ይህ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ጥር 9 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ባለቀዳዳውን ሳጥን ወስጄ ስሞክረው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከግድግዳውም አፈር ረገፈ። ከግድግዳው ማዶ ተከራይታ የምትኖረው ነርስ ለንሳ ዋቅቶላ አዳር ሠርታ ቀን እንደምትተኛ አውቃለሁ። መምህሩ ስልክ ለማናገር ወደ ደጅ ሲወጡ፣ ከአሮጌ ቱታዬ የቀደድኩትን አረንጓዴ ጨርቅ ከስፖንጅ ጋር ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩት። ቀዳዳው ከተደፈነ ሳጥኑ ድፍን ሆነ ማለት ነው፤ ዕቃው አይጎዳም። አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ሌላ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይሰጡኝ ነበር። ይህ ጥፋቴ ነው። ተመልሰው ሲያዳምጡ ቤዙ እንደጠራ፣ ይህም የቀዳዳው ሥራ እንደሆነ አስረዱኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያንኑ ቀዳዳ ሲያስጎበኙ እንደከረሙ ሰምቻለሁ።

የካቲት 1 ቀን ለአንድ ባልደረባቸው ቀዳዳውን በስልክ መብራት ሲያሳዩ ጨርቁን አገኙት። ካቺሲ ከተማ ለሠርግ በሄዱ ጊዜ ቁልፋቸውን ለለንሳ ትተውላት ስለነበር፣ በጩኸቱም ደጋግማ ስላማረረች፣ ነርሶችም አረንጓዴ ስለሚለብሱ፣ ሆን ብላ ዕቃዬን አበላሸችብኝ ብለው ከሰሷት። ልጅቷ ከእሑድ ጀምሮ መታሰሯን የሰማሁት ትናንት ነው። ሌላ ሰው በእኔ ጨርቅ ሲታሰር ዝም ማለት አልችልም። የቀረውን ቱታ ይዤ ቀርቤ በኤግዚቢትነት ከተያዘው ጨርቅ ጋር መርማሪው ፊት ገጥሜዋለሁ፤ የተቀደደበት ጠርዝ ልክ መጥቷል፣ የእኔው ሙጫም አለበት። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መምህር ገለታ ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር። ጨርቁ ከወጣ ወዲህ ቤዙ ስላጓራባቸው "እንደ ድሮው ያድርጉልኝ" አሉኝ። ድሮ የሚሉት ያ እኔ የወተፍኩት ጨርቅ መሆኑን፣ እሱም ፖሊስ ጣቢያ መያዙን፣ ለንሳም እዚያው መሆኗን ነግሬ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያስፈቱ መክሬያቸው በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ተረቱ ጭምር የራሴ ቃል ነው፤ እውነት ስለሆነም ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፍሮምሳ ፉፋ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ፍጹም ደግፌ