ባትሪ ቤቱ ጓሮ ስለተያዘው ማጅራቴ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሽ ቮልት»
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የመኪና ባትሪ መሙላትና መጠገን፤ ሙያውን በራሳቸው የለመዱ
አድራሻ፦ ከጋራዡ አጠገብ ያለው ባትሪ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ተጠርጣሪዋ የእህቴ ልጅ ነች። ኮሌጅ ኬሚስትሪ ስትማር ቆይታ ነገ ጠዋት የማስተማር ልምምዷን ትጀምራለች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «አንዲት ወጣት ሽማግሌ አንቃ ውሃ ውስጥ ስትደፍቅ አየሁ» ብላ ያመለከተችው ስለ እኔ ነው። ሽማግሌ መባሌን እንዳልተቀበልኩ ይመዝገብልኝ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ባትሪ ቤቴ ውስጥ የነገውን ትምህርት እየተለማመደችብኝ ነበር። ትምህርቱ አሲድን በውሃ ስለማቅጠን ነው። ዘወትር ጋሼ የምትለኝ ልጅ፣ መምህርት ስትሆን «አንተ፣ እዚያ ጋ ያለኸው፣ አትረብሽ» ትለኝ ጀመር። እኔም ክፍሉ እውነተኛ እንዲመስላት ብዬ ረበሽኩ። አሲዱ በዝግታ ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስም ስትል፣ «ቲቸር፣ እኔ አሲድ የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው» ብዬ በጆግ የነበረው አሲድ ላይ ውሃ ገለበጥኩበት። አሲዱ ፈልቶ ተፈናጠረና ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ስለሌለ የሰማሁትን እናገራለሁ። ማጅራቴን ይዛ እየጎተተች ጓሮ ያለው ቧንቧ ሥር አጎነበሰችኝ። የጋራዡ መካኒክ «ወተት ይፍሰስበት» ሲል፣ «ከውሃ በቀር ምንም እንዳታመጣ» አለችው። ዓይኔን በጣቶቿ ፈልቅቃ ይዛ «እንዳትጨፍን» ትለኛለች። «ገደለችኝ» ብዬ የጮህኩት ያኔ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሰማችውም ይህንን ስለሆነ አልዋሸችም። እንድትለቀኝ ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ በክርኔም መታኋት። «ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ብትሞትም አትነሳም» አለችኝ። ፖሊሶቹ የደረሱት ስታነሳኝ ነው። እሷን ወደ ጣቢያ ይዘዋት ሲሄዱ እኔን መካኒኩ ክሊኒክ አደረሰኝ።

ሐኪሟ መርምራኝ፣ ዓይኔ ከመቅላት በቀር ጉዳት እንዳልደረሰበት፣ ውሃው ወዲያው ሳያቋርጥ ባይፈስበት ኖሮ ግን እንደማይተርፍ ነገረችኝ። «ማን ነው ያጠበዎት?» ብትለኝ «መምህሬ» አልኳት።

ማጅራቴ ላይ ያለው ምልክት የእህቴ ልጅ ጣት ያረፈበት ነው። ክስ የለኝም፤ ያለኝ ምስጋና ነው። እናቷ «ከአጎትሽ ጋር አትዋዪ፣ ቀልድ እንጂ ቁም ነገር አታገኚበትም» ስትላት ኖራለች፤ እሷ ግን ደብተሯን ይዛ እኔው ጋ ትመጣለች። ነገ ጠዋት አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይጠብቃታል። ከቀረች ልምምዱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍባታል። ስለዚህ ዛሬውኑ እንድትለቀቅልኝ እጠይቃለሁ። እንደ እኔ ያለ ረባሽ አይገጥማትም፤ ቢገጥማትም ማጅራት መያዙን ታውቅበታለች።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። መርማሪው ቃሌን ሊያነብልኝ ሲል ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ፣ በቀኙ ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው ራሴ አንብቤ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________