አንድ ሰዓት የሚጨምሩት አባት

ልትሸኟቸው ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ነፋሱ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ ወንድማችን ኖረውት ያለፉት ሕይወት ባጭሩ ይህን ይመስል ነበር።

ጋሼ ነፋሱ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለስድስት ልጆች ሁለት ክፍል ብቻ በነበሩት ቤት የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሒሳብ እየላቁ፣ በእጅ ጽሑፋቸው ግን መምህራኑን እያማረሩ ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቁ በኋላ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የበረራ ዕቅድ ክፍል ተቀጥረው፣ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት፣ በረራው የሚፈጀውን ጊዜና ነዳጁን ሲያሰሉ ኖረው በጡረታ ተሰናበቱ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ተብለው ሲጠየቁ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው «እሱ እንግዲህ በነፋሱ ነው» ማለት ልማዳቸው ስለነበር፣ ቅጽል ስሙ የወጣላቸው እዚያው ቢሮ ነው።

በትኬት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ፤ ልጃቸውም አዋላጅ ነርስ ሆና ሩቅ ከተማ ሥራ ይዛ፣ እዚያው አግብታ ቀረች። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ጋሼ ነፋሱ በቃላቸው የሚያውቁት ተራ ቁጥር ነበር፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ግን አንጀታቸውን የሚበላ ሆነ። በዚያ መስመር ነፋሱ ዘወትር ከኋላ ስለሚገፋ መሄጃው ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ስትመለስ ፊት ለፊት ስለሚገጥማት አራት ይሞላል። እሳቸውም፣ ልጄን ሲወስድ ይፈጥናል፣ ሲያመጣ ይለግማል እያሉ ነፋሱን እንደ ክፉ ጎረቤት ያሙት ነበር።

ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ስትመጣ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ባለቤታቸው በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ በጭንቀት ራሳቸውን ስተው ስለወደቁ፣ ከዚያ ወዲህ ጋሼ ነፋሱ መድረሻውን ሲነግሯቸው ምንጊዜም አንድ ሰዓት ይጨምሩ ነበር። ባለቤታቸው ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሴት ናቸውና ውሸቱ አልጠፋቸውም፤ ቢሆንም ያመኑ መስለው ይቀበሉና፣ ልጅቱ ቀድማ የገባች ያህል ደስታቸውን አይችሉትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ነፋሱ ልባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ልጃቸው ተጠርታ ተሳፈረች፤ ባለቤታቸውም በተራቸው አንድ ሰዓት ጨምረው መድረሻዋን ነገሯቸው። ጋሼ ነፋሱ በልባቸው ያችን ሰዓት ቀንሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ትራስ ተደግፈው በሩን ያዩ ጀመር። ያን ዕለት ግን ነፋሱ በርትቶ ኖሮ ባሰቡት ሰዓት አልደረሰችም፤ እኛ ከአሁን አሁን አመለጡን ስንል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ጠበቋት። በመጨረሻ ገብታ «አባዬ፣ ዘገየሁብህ» ብላ እግራቸው ላይ ስትወድቅ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው «ነፋሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አሏት። በማግስቱ ጠዋት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ጋሼ ነፋሱ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አምስት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ነፋሱም እንደ ልማዱ ፈጥኖ ይወስዳታል። ባለቤታቸው ዛሬ ጠዋት ከአስከሬናቸው አጠገብ ተቀምጠው «ከእንግዲህ ልጄ ስትመጣ ማን አንድ ሰዓት ጨምሮ ይዋሸኝ?» ሲሉ ሰማናቸው። አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለጠባቂዋ እናትና ለተጠባቂዋ ልጅም መጽናናቱን ይስጥልን።