ዳኛው በተዘጋው ጨፌ ውስጥ

(ነሐሴ መጨረሻ፣ ሐሙስ ማለዳ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ለሰውም ለከብትም በተዘጋው ጨፌ ውስጥ የጨፌው ዳኛ ጋሽ ይርዳው ማጭድ ይዘው ጉልበታቸው ድረስ ሣር ውስጥ ቆመዋል፤ የዘንድሮዋ ጠባቂ ስንዱ ከፊታቸው።)

ጋሽ ይርዳው፦ አትጩኺ አልኩሽ። አንድ እቅፍ ቄጠማ ነው፤ ጨፌውን ተሸክሜ ልሄድ ነው?

ስንዱ፦ መጀመሪያ ማጭዱን መሬት ያድርጉት።

ጋሽ ይርዳው፦ ዛሬ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው። ሚስቴ ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ ሰው ቤቴ አይገባም ብላ ከትናንት ጀምሮ ስትነዘንዘኝ ነው የመጣሁት። የውጪውን ሣር ደግሞ ከብት ጨርሶታል።

ስንዱ፦ ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘነቡ ለጥጃቸው አንድ ጭብጥ አጭደው ብይዛቸው፣ «ጭብጥም ቢሆን ሌብነት ነው» ያለው ማን ነበር?

ጋሽ ይርዳው፦ እኔ ነኝ። ጥሩ ፍርድ ነበር።

ስንዱ፦ ይኸው ተፈርዶባቸው በወዲያኛው ዳር ዱላ ይዘው ሁለት ሳምንት ጨፌውን ይጠብቃሉ። አሁን እኔ ጮኼ ሁለት ምስክር ከመጣ የእርስዎም ቅጣት ያው ነው። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ይርዳው፦ ሳወጣው ራሴን አላሰብኩም።

ስንዱ፦ የትኛው ሕግ አውጪ አስቦ ያውቃል?

ጋሽ ይርዳው፦ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄንን ነው? በባዮሎጂ ዲግሪ ሽማግሌ ማሳደድ?

ስንዱ፦ ያስተማሩኝንማ እሁድ በስብሰባው ተናግሬ ነበር። እርስዎም ከሰው ጋር ሲስቁብኝ ዋሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ ለወፍ ብላችሁ ከብት ጾም አሳድሩ ስትይ ምን ላድርግ? ቄሱ እንኳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ስንዱ፦ እንደዚያ አላልኩም። መክፈቻው በአሥራ ሁለት ቀን ይገፋ ነው ያልኩት። እስከዚያ ጫጩቶቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሣሩ እንደሆነ ክንፍ የለው... ወደ ግራ አይርገጡ።

ጋሽ ይርዳው፦ ምነው፣ እባብ ነው?

ስንዱ፦ ጎንበስ ይበሉና ይዩ። በእጅዎ ግን አይንኩ። እዚያ፣ ሣሩ እንደ ክዳን የተጠላለፈበት ሥር።

ጋሽ ይርዳው፦ እንቁላል ነው እንዴ? አራት... ቆይ፣ አምስት። ይሄማ ከጣቴ ጫፍ አይበልጥም።

ስንዱ፦ አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ኖሮ ቄጠማውን ከነእንቁላል ፍርፍሩ ይዘው ይገቡ ነበር።

ጋሽ ይርዳው፦ እናታቸውስ?

ስንዱ፦ እርስዎ ሲመጡ ሣር ውስጥ ተሸሸገች። ከዶሮ ጫጩት እምብዛም አትበልጥም፤ ስትበር የክንፏ ዳር ነጭ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከቀበሌያችን ሰው ያንሳሉ። ክረምት ሲገባ ከደቡብ አፍሪካ ነው የምትመጣው የሚሉ አሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ የወንድሜ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። ለአባቱ ተዝካር እንኳ አልመጣም። ይቺ በየዓመቱ ነው የምትመጣው?

ስንዱ፦ ያውም ያለ ፓስፖርት።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲህ ቅዳሜ ያ ሁሉ ከብት ሲገባ...

ስንዱ፦ ለዚህ ነው እስካሁን ያልጮህኩት። እንደራደር። እኔ እርስዎን አላየሁም፤ እርስዎ ደግሞ ቅዳሜን ወደፊት ይግፉልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ይሄ ጉቦ ነው።

ስንዱ፦ ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር አይደል የሚባለው? እኔ ዳኛ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ እሺ ልግፋው፣ ምን ብዬ? ወፍ እንቁላል ጥላለች ብል የት አየህ ይሉኛል። የት አየህ ሲሉኝ መልሱ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ሕልም አየሁ ይበሏቸው።

ጋሽ ይርዳው፦ አምና ሕልም አየሁ ያለ ሰው ለአገሩ ሁሉ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ጠብታ ውኃ አልወጣም። ዘንድሮ ሕልም ዋጋ የለውም።

ስንዱ፦ ታመምኩ ብለው ይተኛሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ ዛሬ ጠላ ስቀዳ ውዬ?

ስንዱ፦ ቢተኙም ለካ ምክትል አለዎት፤ እሱ ይከፍተዋል።

ጋሽ ይርዳው፦ ምክትሌማ አንቺ ሳትመጪ በሚያዝያ አረፈ። ሌላ የምንመርጠው ለመስቀል ነው። የመጀመሪያውን ማጭድ ዳኛው ካላሳረፈ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይነካም... ቆይ እስቲ። ዘነቡ ላይ ስፈርድ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያልኩት?

ስንዱ፦ «ዱላ ይዞ የሚጠብቅ እጅ ቅጣቱን ሳይጨርስ ማጭድ አይነካም።»

ጋሽ ይርዳው፦ ቅጣቱ አሥራ አራት ቀን። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከዛሬ አሥራ አራት ማለት ከቅዳሜ...

ስንዱ፦ አሥራ ሁለት። ጋሽ ይርዳው፣ ይተዉ። አገር ይስቅብዎታል።

ጋሽ ይርዳው፦ እሁድ እኔ ስቄያለሁ፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው። ሰው አያስፈራኝም፤ የምፈራው ባዶ እጄን ስገባ የምትጠብቀኝን ሴትዮ ነው።

ስንዱ፦ እንግዲያው ማኅበሩ ይለፍና ቅዳሜ ጠዋት ልያዝዎት።

ጋሽ ይርዳው፦ ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ በተሰበሰበበት? ሕፃን እንኳ ተመካክረው ነው ይላል። በድልድዩ በኩል የሚመጡት ገበያተኞች አይደሉም?

ስንዱ፦ ናቸው። ስድስት ሰባት ይሆናሉ፤ ቄሱም አሉበት።

ጋሽ ይርዳው፦ ቄሱም? ይሁን። በይ ከእንቁላሉ ወደዚህ ራቅ እንበልና ክንዴን ይዘሽ ጩኺ። እኔም ትንሽ ልታገልሽ፤ ዳኛ ሆኖ እንዲህ በቀላሉ ተያዘ እንዳይሉኝ።