የድፋባቸውና የምስጋናው ግጥሚያ

(ደሴ፣ ከመኪና እጥበቱ ጀርባ ያለ አቧራማ ሜዳ፦ ነገ ክርስትና ለሚነሳው ሕፃን የዓለም ስም የሚያወጣው የትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የአባቱና የእናቱ ዘመዶች ኳስ ገጥመው አንድ እኩል ናቸው፤ አሁን ለአባት ወገን ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጥቷል፤ ዳኛው ፊሽካው አቧራ ውስጥ ወድቆበት ሰው ሁሉ አጎንብሶ ሲፈልግ፣ መቺው ምትኩ የልብስ ማጠቢያ ጓንት ያጠለቁትን በረኛ፣ አማቱን ወይዘሮ ትርንጎን፣ ጠጋ ብሎ ያንሾካሽካል።)

ትርንጎ፦ ወግድ ብዬሃለሁ! መቺ በረኛ ጆሮ ሥር ገብቶ ያንሾካሽካል እንዴ?

ምትኩ፦ ቀስ ይበሉ እማማ፣ አባባ ያዩናል። ኳሷን የማስተካክል መስዬ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ስመታ በየት በኩል ነው የሚወድቁት?

ትርንጎ፦ ጠላቴ ይውደቅ!

ምትኩ፦ ኧረ ይውደቅ! ኳሷን ለመያዝ ማለቴ ነው እንጂ። በግራ ነው በቀኝ የሚዘሉት?

ትርንጎ፦ እሱን ልንገርህና በሌላው በኩል ክተታት! ሞኝህን ፈልግ።

ምትኩ፦ በሌላው በኩል አይደለም፣ እርስዎ ባሉበት በኩል ነው የምመታልዎ። እንዲይዙልኝ። መሸነፍ እፈልጋለሁ።

ትርንጎ፦ ስማ ልጄ፣ እዚህ የቆምኩት ወንድሜን ወገቡን ስለያዘው ነው እንጂ ጅል ሆኜ አይደለም።

ምትኩ፦ ጅል ማን አለዎት! ይኸው ስንት ጎረምሳ በኳስ ሲደበድብዎት ውሎ ያመለጠችዎት አንዷ ብቻ ናት።

ትርንጎ፦ እሷም ብትሆን የነፍስ አባቴ በዚህ ሲያልፉ መስቀል ልሳለም ብዬ ነው። ተሳልሜ ዞር ብል ገብታለች። ምን ላድርግ፣ አባ ላይ ጀርባዬን ላዙር?

ምትኩ፦ ሌሎቹን ደግሞ በነጠላዎ ጠቅልለው ነው የያዟቸው።

ትርንጎ፦ ነጠላ አይነካም የሚል የት ተጽፏል? ዳኛው እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ምትኩ፦ ዳኛው የክርስትና ልጅዎ ነዋ!

ትርንጎ፦ እና መች አዳላልኝ? ይኸው ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠብኝ አይደል! አንተም ማንም ሳይነካህ እንደ ጆንያ ተዘረርክ።

ምትኩ፦ እውነትዎን ነው፣ ማንም አልነካኝም። የጠለፈኝ የገዛ ሱሪዬ ነው። የሰርጌ ሱሪ ነው፣ ቀበቶዬ ተበጥሶ ተንሸራተተብኝ።

ትርንጎ፦ አለማፈሩ! እና ለምን አልተናገርክም?

ምትኩ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ።

ትርንጎ፦ አንተ ዝም ብለህ ይኸው ዝንቡ የኔ ጎል ሊገባ ነው!

ምትኩ፦ ልናገርማ አፌን ስከፍት አባባ እያለቀሱ አቀፉኝ። «ዛሬ ገና ልጅ ወለድኩ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም እኮ። ወዲያው «የልጅህ ስም ነው፣ ራስህ ምታት» ብለው ኳሷን አስታቀፉኝ።

ትርንጎ፦ እንግዲያማ አባትህ አቶ ደምሰው ደስ ካላቸው ምን እዚህ ያስለፈልፍሃል? ምታና የልጅ ልጄን ድፋባቸው አሰኘው!

ምትኩ፦ እሱ አይደል ያመጣኝ! እኔ ያንን ስም አልፈልገውም። የአያቴ ስም ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ይቺን የምታክል ፍጥረት ድፋባቸው? ማንን ነው የሚደፋው?

ትርንጎ፦ ለጊዜው እኔን ነው። ትናንት ላጥበው ስል ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ።

ምትኩ፦ አያቴም ቢሆኑ ስማቸው ነው እንጂ ዶሮ እንኳ አርደው አያውቁም። ደግሞ ሰናይት ጠዋት ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? «ያንን ስም ይዘህ ከመጣህ ባጃጅህ ውስጥ እደር!»

ትርንጎ፦ እሰይ የኔ ልጅ! ጡቴን የጠባች!

ምትኩ፦ የኔም ልብ እርስዎ በመረጡት በምስጋናው ላይ ነው። ግን አባባን ፊት ለፊት «እምቢ» ለማለት አንደበት አጣሁ። እስቲ ይረዱኝ።

ትርንጎ፦ ምን መረዳት ያስፈልገዋል? ወደ ውጭ ስደዳት። ቀኑን ሙሉ ስትሰዳት አይደል የዋልከው?

ምትኩ፦ እሱማ ጎል ላስገባ ስሞክር ነው! ቅድም ለአጎቴ አቀብላለሁ ብዬ የመኪና እጥበቱን መስኮት አደቀቅኩት። ወደ ውጭ ልስደድ ካልኩማ ቀጥ ብላ ነው የምትገባው። ከዚህ ከእግሬ የሚያስጥለኝ የእርስዎ እጅ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ ወሬህስ ያምራል። ግን አንተ ግራ ፍሬቻ አብርተህ ቀኝ የምትታጠፍ ሰው ነህ። ባጃጅህ ውስጥ ስንቴ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች!

ምትኩ፦ ሽቦው ተገላብጦ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ!

ትርንጎ፦ የአንተ ሽቦ አለመገላበጡን በምን አውቃለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ምትኩ፦ እማማ፣ ፊሽካው ከተገኘ ልጁ ድፋባቸው ሆኖ መቅረቱ ነው። በሞቴ!

ትርንጎ፦ በሞቴ አትበለኝ! የአራስ ባል ሆነህ ሞት ትጠራለህ?

ምትኩ፦ ታዲያ በምን ልማልልዎ? ሰናይት ምጥ የያዛት ዕለት ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን አልነበር? የልጁን ለቅሶ የሰማን ጊዜ እጄን ጨብጠው ሦስቴ «ምስጋና ላንተ ይሁን» አሉ። እኔ ያኔ ነው ስሙን በልቤ የጨረስኩት። ያን ሁሉ ዓመት ለምነን ለምነን ያገኘነው ልጅ፣ ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል?

ትርንጎ፦ ምነው... ምነው ይሄን አሁን ባታስታውሰኝ!

ምትኩ፦ እያለቀሱ ነው እንዴ?

ትርንጎ፦ አቧራ ነው፣ ዞር በል! በቀኜ ነው የምወድቀው። ግራ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም። ለሰው ብትናገር ውርድ ከራሴ።

ምትኩ፦ በእርስዎ ቀኝ ነው በኔ ቀኝ?

ትርንጎ፦ በመኪና እጥበቱ በኩል! መስኮቱን ባደቀቅክበት!

ምትኩ፦ ገባኝ። ከያዟት ደግሞ እንዳይለቋት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

ትርንጎ፦ ሞኝ አልከኝ?

ምትኩ፦ ወረቀት ነው ያልኩዎት! ውይ፣ ፊሽካው ተገኘ! ወደ ኋላ ልሂድ። አደራዎን!

ትርንጎ፦ አደራውስ ያንተ ነው! ቀስ አድርገህ፣ እንደ ዕንቁላል!

ምትኩ፦ ነፋ! እማማ፣ ነፋ! መጣሁልዎ!

ትርንጎ፦ ቆይ፣ እንባዬን ልጥረግ! ኡኡ! የዚህ የልብስ ማጠቢያ ጓንት ሳሙና ዓይኔ ገባ!

ምትኩ፦ መታኋት እኮ! በእጥበቱ በኩል! ቀስ ብላ እየተንከባለለች ነው፣ ይያዟት!

ትርንጎ፦ የት አለች? አላይም!

ምትኩ፦ በቀኝዎ! ጎንበስ ይበሉ! እግርዎ ሥር ደረሰች!

ትርንጎ፦ ያዝኳት! እልል በሉ፣ ያዝኳት!

ምትኩ፦ እሱ ቋሚው ነው!

ትርንጎ፦ ኳሷስ?

ምትኩ፦ ገባች።

ትርንጎ፦ ወይኔ ትርንጎ! ወይኔ የልጄ ልጅ!

ምትኩ፦ አለቀ። አባባ እስክስታ ጀምረዋል። ዘመድ ሁሉ «ድፋባቸው! ድፋባቸው!» እያለ ነው። እኔ ምን ብዬ ሰናይት ፊት እቆማለሁ?

ትርንጎ፦ አታልቅስ፣ ሱሪህን ሳብ አድርግ። ዓይኔ ነው እንጂ አፌ ሳሙና አልገባበትም። አቶ ደምሰው! አቶ ደምሰው ሆይ! እንኳን ደስ ያለዎት! በሉ እንግዲህ ቤትዎን ያሰናዱ!

ምትኩ፦ የምን ቤት?

ትርንጎ፦ ስም ያወጣ አያት ልጁን እቤቱ ወስዶ ያሳድጋል! ወጉ ነው!

ምትኩ፦ እንዲህ ያለ ወግ አለ እንዴ?

ትርንጎ፦ ከዛሬ ጀምሮ አለ። አንተ ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅ። አቶ ደምሰው! ነገ ከክርስትናው መልስ አልጋውን ጭነን እንመጣለን! ባለቀሰ ቁጥር እየተነሱ እሹሩሩ ማለት የእርስዎ ፋንታ ነው! ድምፁ ደግሞ እስከ ፒያሳ ይሰማል፣ እግዜር ይመስገን!

ምትኩ፦ እማማ፣ እስክስታውን አቆሙ።

ትርንጎ፦ መኝታ ቤትዎን ለአራሷ ይልቀቁላት! ሳሎኑ ለጠያቂ ይሆናል! እኔም ብሆን ልጄን ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ ሕፃኑ ጡት እስኪጥል እርስዎ ዘንድ ነኝ! ያንን የሚወዱትን ባለመደገፊያ ወንበርዎን ብቻ ለኔ!

ምትኩ፦ ኧረ እማማ፣ አባባ እየሮጡ ወደ ዳኛው ሄዱ። እጁን ይዘው ይለምኑታል።

ትርንጎ፦ ምን እያሉት ነው?

ምትኩ፦ «ጎሉ አይጸድቅም፣ ልጄ ኦፍሳይድ ነበር!»